ከሞተር እስከ ጎማ፦ በመንገድ ስለቀረው የፈረስ ጉልበት

ልጅ ሳለሁ የክረምቱን ዕረፍት የማሳልፈው በአጎቴ ጋራዥ ነበር። ጋራዡ ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ ዝቅ ብሎ፣ ዙሪያውን በቆርቆሮ የታጠረ፣ ዝናብ ሲጥል ጭቃው ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ኅብረ ቀለም የሚሠራበት ጠባብ ግቢ ነበር። ሥራዬ ብሎን በቤንዚን ማጠብ፣ ሻይ ማመላለስና፣ ከሁሉም በላይ፣ ማንበብ ነበር። አጎቴ የመኪናን ድምፅ ከሩቅ ሰምቶ ሕመሙን የሚናገር ሰው ቢሆንም የፈረንጅ ፊደል አያነብም። እኔ ግን ስምንተኛ ክፍልን የጨረስኩ «አዋቂ» ስለነበርኩ፣ ከመኪኖች ጋር የሚመጡትን መጻሕፍትና ካታሎጎች የማንበብ ማዕረግ ለእኔ ተሰጥቶ ነበር። ዛሬ የማወጋችሁ ያ ማዕረግ አጎቴን ምን እንዳስከፈለው፣ እኔንም ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ምን ዓይነት የታሪክ ንባብ እንደመራኝ ነው።

አንድ ደንበኛ ከውጭ አገር የመጣ፣ ባለሁለት በር አሮጌ ስፖርት መኪና አምጥቶ ሞተሩ ወርዶ እንዲታደስለት ጠየቀ። አጎቴ አንድ ወር ሙሉ ደከመበት። ሲጨርስ የሞተሩ ድምፅ ጥርት ያለ ነበር። ደንበኛው ግን እንጦጦ ዳገት ላይ ሞክሮት ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። «ጉልበት የለውም፤ ይደክማል» አለ። እኔም ማንም ሳይጠይቀኝ ካታሎጉን ገልጬ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ «130 የፈረስ ጉልበት» ብዬ አነበብኩ። ደንበኛው ወደ አጎቴ ዞሮ «ታዲያ ያ ሁሉ ጉልበት የት ገባ?» አለው። አጎቴ ጎንበስ ብሎ ከመኪናው ሥር ገባና መዳፉን የኋላው ዲፈረንሻል ላይ አሳርፎ ፈጥኖ አነሣው። «ና ንካው» አለኝ። ነካሁት፤ ያቃጥላል። «ከፊሉ ይኸውልህ፣ እዚህ ነው። መጽሐፉ የሚያወራው ስለ ሞተሩ ነው፤ ዳገቱን የሚወጣው ግን ጎማው ነው» አለ። «ጋሼ፣ መጽሐፍ እኮ አይዋሽም!» ስል መለስኩለት። ደንበኛው ሣቀ። የመለዋወጫውን ዋጋ ብቻ ሰጥቶ፣ የእጅ ዋጋ ሳይከፍል መኪናውን ይዞ ሄደ።

አጎቴ አልተቆጣኝም። ለብዙ ቀናት ግን ካታሎግ አምጥተህ አንብብልኝ ሳይለኝ ቀረ። ያ ዝምታ አብሮኝ አደገ። በሞተርና በጎማ መካከል ምን ይቀራል? ከካታሎጉና ከአጎቴ መዳፍ ትክክል የነበረው የትኛው ነው? መልሱን ስፈልግ የፈረስ ጉልበትን ታሪክ ከሥሩ መጀመር ግድ ሆነብኝ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«የፈረስ ጉልበት» የተወለደው በገበያ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተሩን ለመሸጥ ሲነሣ፣ ገዢዎቹ የሚያውቁት ወፍጮ የሚያዞር ፈረስ ነበርና፣ ሞተሩን ከፈረስ ጋር ማመሳሰል አስፈለገው። የአንድ ፈረስ ሥራ በደቂቃ 33,000 ፓውንድን አንድ ጫማ ከፍ ማድረግ ነው ብሎ ደነገገ። በዛሬው መለኪያ 746 ዋት ያህል መሆኑ ነው። አውሮፓውያን ደግሞ በኋላ 75 ኪሎ ግራምን በአንድ ሴኮንድ አንድ ሜትር የሚያነሣ፣ 735.5 ዋት ብቻ የሆነ ሌላ ፈረስ አበጁ። እንግዲህ ገና ከመነሻው ሁለት ዓይነት ፈረስ ነበር ማለት ነው።

ከፈረሱ መጠን የሚበልጠው ጥያቄ ግን የሚለካበት ስፍራ ነበር። የእንፋሎት ዘመን መሐንዲሶች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በሲሊንደሩ ውስጥ ካለው ግፊት ተሰልቶ የሚገኘው ጉልበት አንድ ነው፤ ከሞተሩ ዘንግ ላይ የሚገኘው ሌላ፣ ከዚያም ያነሰ ነው፤ ልዩነቱን ሞተሩ ራሱን ለማንቀሳቀስ በልቶታል። የዘንጉን ጉልበት ለመለካት ፈረንሳዊው ጋስፓር ደ ፕሮኒ በ1821 እጅግ ቀላል መሣሪያ ሠራ። ዘንጉን በሁለት እንጨቶች አንቆ ይይዛል፤ እንጨቶቹ ላይ ረጅም ክንድ ይያያዛል፤ ክንዱ እንዳይዞር የሚገታው ክብደት ይመዘናል። ክብደቱ፣ የክንዱ ርዝመትና የዘንጉ የዙር ብዛት ከታወቁ ጉልበቱ ታወቀ። በ1877 እንግሊዛዊው ዊልያም ፍሩድ እንጨቱን በውኃ ተካው። ሁለቱም መሣሪያዎች ጉልበትን የሚያውቁት በፍሬን ይዘው ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው። እንግሊዞች እስከ ዛሬ «የፍሬን የፈረስ ጉልበት» የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው። ይህን ሳነብ የአጎቴ መዳፍ ትዝ አለኝ። እሱም የለካው ሙቀቱን ነበርና።

አውቶሞቢል ሲመጣ በሞተሩና በመንገዱ መካከል ረጅም ጉዞ ተፈጠረ። በ1891 ኤሚል ሌቫሶር በፓናር ኤ ሌቫሶር መኪና ላይ ሞተሩን ከፊት አስቀመጠ፤ ከኋላው ፍሪሲዮን፣ ከዚያ ካምቢዮ አስከተለ፤ ኃይሉንም በሰንሰለት ወደ ኋላ ጎማዎች ላከው። ይህ ቅደም ተከተል ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የአብዛኛው መኪና ሕግ ሆኖ ኖረ። እኛ ወደ ቋንቋችን ያስገባናቸው ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ የሚሉት ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። አጎቴ ምንጫቸውን ሳያውቅ በየቀኑ ይጠራቸው ነበር። የእያንዳንዳቸውን ሥራ ግን አሳምሮ ያውቅ ነበር። እያንዳንዱ ኬላ ነው፤ አላፊውን ሳይቀርጥ የሚያሳልፍ ኬላ ደግሞ የለም።

ያንን ቀረጥ ለመቀነስ ከታገሉት ሁሉ ታሪኩ የሚጥመኝ የሉዊ ሬኖ ነው። ወጣቱ ሬኖ 21 ዓመቱ ነበር። ከዲ ዲዮን ቡቶን የተገኘች አንዲት ትንሽ፣ ባለአንድ ሲሊንደር ሞተር ነበረችው፤ ጉልበቷ ሁለት ፈረስ እንኳ አይሞላም። ከዚህ ላይ ኃይል ማባከን የሚቻለው ሰው አልነበረም። ስለዚህ ሰንሰለቱን ጥሎ ኃይሉን በዘንግ ላከው፤ በካምቢዮው ውስጥ ደግሞ ቀላል የሚመስል ብልሃት አኖረ። በዝቅተኛዎቹ ማርሾች ኃይሉ ከአንዱ ጥርሳም ጎማ ወደ ሌላው እየተሻገረ፣ ሁለት ጊዜ ጥርስ ነክቶ ያልፋል። በከፍተኛው ማርሽ ግን ገቢው ዘንግና ወጪው ዘንግ በቀጥታ ይቆላለፋሉ፤ ኃይሉ አንድም ጥርስ ሳይነካ ይወጣል። በ1898 የገና ዋዜማ፣ ታኅሣሥ 24፣ ሬኖ ከወዳጆቹ ጋር ተወራርዶ በፓሪስ ሞንማርትር የሚገኘውን የሩ ለፒክን ዳገት በዚያች መኪና ወጣው። በዚያው ምሽት 12 ሰዎች መኪናዋን አዘዙ ይባላል። በ1899 የፈጠራውን መብት አስመዘገበ፤ ሌሎች አምራቾችም በዚህ ብልሃት ለመጠቀም የፈቃድ ክፍያ ከፈሉት። አንድ ትልቅ ኢንዱስትሪ የተመሠረተው ትልቅ ሞተር በመሥራት ሳይሆን ከትንሽ ሞተር የወጣውን በመንገድ ላይ ባለመጣል ነበር።

የሬኖ ውርስ በኋለኞቹ የስፖርት መኪኖች ዘልቋል። በ1948 ለንደን ላይ የታየውና በ160 የፈረስ ጉልበቱ ዓለምን ያስደነቀው ጃጓር ኤክስኬ 120፣ በ1961 የተከተለውም ጃጓር ኢ-ታይፕ፣ አራተኛ ማርሻቸው ቀጥታ ነበር። ቀጥታ ነው ማለት ግን ነጻ ነው ማለት አይደለም። በካምቢዮው ሆድ ውስጥ ሥራ የፈቱት ጥርሶች ያን ጊዜም ይዞራሉ፤ ወፍራሙን ዘይት እንደ ሊጥ ያማስላሉ። የሚያማስል ክንድ ደግሞ ይደክማል። በማለዳ ቀዝቃዛ መኪና ዜሮ ማርሽ ላይ አድርጎ በእጁ የገፋ ሰው ይህን ያውቃል፤ ያው መኪና ቀኑን ሙሉ ሲሄድ ውሎ ቢገፋ ይቀላል።

ከካምቢዮ ቀጥሎ ያለው ኬላ ዲፈረንሻል ነው፤ እዚህ ቀረጡ ይከብዳል። ከፊት የመጣው የዘንጉ ዙር ወደ ግራና ቀኝ ጎማዎች መታጠፍ አለበት። በጥንቱ አሠራር የትንሹ ጥርሳም ጎማ ዘንግ በትልቁ እምብርት ትክክል ይመጣ ነበር። በ1920ዎቹ የአሜሪካው ግሊሰን ኩባንያ ትንሹን ከእምብርቱ ዝቅ አድርጎ የሚያጋጥም «ሃይፖይድ» የተባለ ጥርስ አወጣ፤ ፓካርድ በመኪኖቹ ላይ ቀድሞ ተጠቀመበት። ትርፉ ግልጽ ነው። ዘንጉ ዝቅ ሲል ወለሉ ዝቅ ይላል፤ ወለሉ ዝቅ ሲል መኪናው መሬት ለመሬት የሚሳብ፣ ዓይን የሚማርክ ይሆናል። ኢ-ታይፕን ጨምሮ የብዙ ውብ መኪኖች ዲፈረንሻል ከዚህ ወገን ነው። ነገር ግን ውበቱ ዋጋ አለው። የሃይፖይድ ጥርሶች እርስ በርሳቸው ከመንከባለል ይልቅ በብርቱ ግፊት ይፋተጋሉ፤ ተራ ዘይት ይህን ግፊት አይችልም። ስለዚህ ድኝ የተቀላቀለበት ልዩ ዘይት ተሠራላቸው። የዲፈረንሻል ዘይት ስንቀይር አፍንጫችንን የሚሰነፍጠን ያ መጥፎ ሽታ የዝቅተኛው ወለል ዕዳ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንደምር። ደህና ሆነው የተሠሩና ዘይት የጠገቡ ሁለት ተራ ጥርሳም ጎማዎች ሲጋጠሙ የሚያጠፉት ከመቶ 1 ወይም 2 እጅ ያህል ነው። ሃይፖይዱ ግን 3፣ 5፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ለምሳሌ ያህል ከሞተሩ 200 የፈረስ ጉልበት ወጣ እንበል። ካምቢዮው ከመቶ 2 ቢወስድ 196 ይቀራል። ዲፈረንሻሉ ከመቶ 5 ቢወስድ 186 ገደማ ይቀራል። ኩሽኔታዎቹና የዘንጉ መታጠፊያዎች ሁለት ቢወስዱ 184፤ የጎማው ላስቲክ በመለኪያው ከበሮ ላይ እየተጨፈለቀና እየተነሣ 12 ቢወስድ በመጨረሻ የሚገኘው 172 ነው። 28 ፈረስ በመንገድ ቀረ። 28 የፈረስ ጉልበት ደግሞ ወደ 21 ኪሎ ዋት ነው፤ እያንዳንዱ 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ ስድስት የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ጊዜ እንደ መጣድ ማለት ነው። ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ከስድስቱ ሁለቱ በዲፈረንሻሉ ውስጥ ይግላሉ። ያ ዕቃ እጅ ቢያቃጥል ምን ያስደንቃል?

ጋራዥ የሚያዘወትሩ ወዳጆች «ከመቶ 15 ቀንስ» የሚል ቀመር አላቸው። ለአፍ ይመቻል፤ እውነቱ ግን ከዚያ ይወሳሰባል። ከሚጠፋው ከፊሉ ጥርሶቹ በተሸከሙት ጭነት ልክ ይጨምራል፤ ከፊሉ ግን፣ ማለትም የዘይቱ መማሰልና የማኅተሞቹ ፍትጊያ፣ በዙሩ ፍጥነት እንጂ በጭነቱ አይወሰንም። ስለዚህ አንድ ሰው የሞተሩን ጉልበት ከ150 ወደ 300 ቢያሳድግ ብክነቱም እጥፍ ይሆናል ማለት አይደለም። ሌሎች ደግሞ በከበሮው ላይ መኪናውን ካፈጠኑት በኋላ ፍሪሲዮን ረግጠው በራሱ እስኪዘገይ ይጠብቃሉ፤ ከዘገየበት ፍጥነት ብክነቱን አስልተው በጎማው ቁጥር ላይ ይደምሩና «የሞተሩ ጉልበት ይህ ነው» ይላሉ። ነገር ግን በዚያች ሰዓት ጥርሶቹ ጭነት አልተሸከሙም። ሸክሙን አውርዶ ያረፈ ሰው ትንፋሽ ስለ ሸክሙ ክብደት ሙሉውን አይናገርም።

እስከዚህ ድረስ የአጎቴ መዳፍ ትክክል ነበር። ነገር ግን 28 ፈረስ ከ200 ላይ ቢቀነስ ዳገት የሚያቅተው መኪና አይፈጠርም። የቀረው የት ገባ? እዚህ ላይ ታሪኩ ከብረቱ ወደ ወረቀቱ ይሻገራል።

በ1954 መርሴዲስ ቤንዝ በሮቹ እንደ ክንፍ ወደ ላይ የሚከፈቱትን 300 ኤስኤል አወጣ። ያው ሞተር በጀርመን አለካክ 215፣ በአሜሪካ አለካክ 240 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ባሕር ሲሻገር የጨመረለት አንዳች ነገር አልነበረም። የጀርመኑ ሕግ ሞተሩ በመኪናው ላይ የሚሸከማቸውን ዕቃዎች ሁሉ እንደተሸከመ ይለካ ይላል። «ግሮስ» የሚባለው የአሜሪካው አለካክ ግን ሞተሩን እንደ ሯጭ ልብሱን አስወልቆ ነበር የሚለካው፤ ማራገቢያውና የአየር ማጣሪያው ይነሣሉ፤ የጭስ ማውጫው ያለ ድምፅ ማፈኛ ክፍት ይሆናል። ቁጥሩ ሐሰት አልነበረም። የተለካው ሞተር ግን ማንም በመንገድ ላይ ነድቶት የማያውቀው ሞተር ነበር።

ይህ ልማድ በአሜሪካ እስከ 1971 ሰፍኖ ቆየ። ከ1972 ሞዴሎች ጀምሮ አምራቾቹ «ኔት» ወደሚባለው፣ ሞተሩን ከነልብሱ ወደሚለካው ቁጥር ተሸጋገሩ። የሸቭሮሌት ኮርቬት ኤልቲ-1 ሞተር በ1971 330 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ተሽጦ፣ በ1972 255 ተባለ። ሞተሩ በመሠረቱ ያው ነበር። በአንድ ሌሊት 75 ፈረስ ከወረቀት ላይ ተሰወረ፤ ከመንገድ ላይ ግን የጎደለ አልነበረም፤ ቀድሞም እዚያ አልነበሩምና። ይህ የኔት ቁጥር እንኳ የሞተሩ እንጂ የጎማው አይደለም፤ ከላይ የቆጠርናቸው ኬላዎች ሁሉ ገና ከፊቱ አሉ።

ገዢዎች ለምን ለረጅም ጊዜ ሳይነቁ ቀሩ? አንዱ ምክንያት አየሩ ነው። መኪና በፈጠነ ቁጥር አየሩን ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው ጉልበት በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ያድጋል። ከጉልበቱ ከመቶ 15 ቢጎድል ከከፍተኛው ፍጥነት የሚጎድለው ከመቶ 5 ገደማ ብቻ ነው። በሜዳ ላይ ጉድለቱ ይሸሸጋል። ዳገት ግን አይሸሽግም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ያንን ካታሎግ፣ የዚያኑ ዓይነት መኪና፣ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጥ ሰው ዘንድ አገኘሁት። ልቤ እየመታ ገጹን ገለጥኩ። «130» ይላል፤ በልጅነቴ በሰው ፊት ያነበብኩት ቁጥር ነው። ከሥሩ በትናንሽ ፊደላት አንዲት ቃል ተጽፋለች፦ «ግሮስ»። ያን ቀንም እዚያው ነበረች። ዓይኔ አይቷታል፤ ትርጉሟን ስላላወቅሁ እንደ ጌጥ ቆጥሬ አልፌያታለሁ።

እርሳስ አንሥቼ አሰላሁ፤ ግምት ነው፣ ግን መሠረት የሌለው ግምት አይደለም። ልብሱን ለብሶ ቢለካ 130ው 110 ገደማ ይሆናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላለች፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር ከአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው፤ ሞተርም እንደ ሰው ነውና በትንፋሹ ልክ ይሠራል። 110ው 87 ሆነ። ከዚያ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ዲፈረንሻል፣ ኩሽኔታና ጎማ ቀረጣቸውን ሲወስዱ እንጦጦን ለመውጣት የቀረው 75 ገደማ ነው። ያውም ምንም እንከን በሌለው፣ በጥንቃቄ በታደሰ ሞተር። አጎቴ ያላጠፋውን 55 ፈረስ እንዲመልስ ነበር የተጠየቀው።

ይህን ስሌት ሳላሳየው አርፏል። ባሳየውም የሚደነቅ አይመስለኝም፤ ቁጥሩን ባያውቅም ነገሩን ያውቀዋል። የእኔ ዕዳ ግን አልተከፈለም። ንባብ ለምንወድ ሰዎች «መጽሐፍ አይዋሽም» ማለት ቀላል ነው፤ ያን ቀን መጽሐፉ በእርግጥም አልዋሸም። የጎደለው አንባቢው ነበር። ያ ክረምት ተመልሶ ቢመጣ፣ ከዚያ ደንበኛ ፊት ቆሜ ቁጥሩን ትቼ ከሥሩ ያለችውን ትንሿን ቃል ጮክ ብዬ አነብ ነበር፤ ከዚያም ደንበኛውን ከመኪናው ሥር ጎንበስ እንዲልና እንዲነካ እጋብዘው ነበር።